የግራዝማች አለበል የግድግዳ ሰዓት

ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጧት፣ ንፋስ መውጫ ላይ ካለ አንድ መዝገብ ቤት ደጃፍ ስምንት ጸሐፊዎችና አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ተኮልኩለው ቆመዋል። ነፋሱ ቆዳ ይልጣል፤ ሁሉም እስከ አፍንጫቸው ተጀቡነዋል። ከጋቢው ሥር ግን ዘጠኙም ፈገግ እንዳሉ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ማን እንዳረፈደ የሚለይበት ነገር ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው። የሹሙ የግራዝማች አለበል የግድግዳ ሰዓት ተሰርቋል።

ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከፖሊስ ጣቢያ በእግሩ መጣ። የጣቢያው በቅሎ የሻምበሉ ናት። ጣሰው በፖሊስነት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎ ሦስት ጊዜ ለሹመት ታጭቷል፤ ሦስት ጊዜም «ትምህርት ይጎድለዋል» ተብሎ ቀርቷል። ዳዊት መድገሙን እንደ ትምህርት የቆጠረለት ሰው አልተገኘም። ከኋላው የመጡት ልጆች ዛሬ ሲያዝዙት «አቤት» ይላል፤ በሆዱ ግን የእያንዳንዳቸውን ስም፣ ያሉትን ቃልና ያሉበትን ቀን አይረሳም።

ግራዝማች አለበል ካፖርታቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ለሁለት ሰው ይበቃል።

«ምን ያንቀራፍፍሃል? ሌባው ተይዟል! አንተ መጻፍ ብቻ ነው የቀረህ።»

«ማን ነው ጌታዬ?»

«ዘበኛው ነዋ! ይሁኔ! ቁልፍ ያለው እኔና እሱ ጋ ነው፤ በሩ አልተሰበረ፣ መስኮቱ አልተነካ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ጣሰው ወደ ውስጥ ገባ። ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የግራዝማች ነው። ጸሐፊዎቹ ግማሾቹ በድንጋይ ላይ፣ ግማሾቹ አጎዛ አንጥፈው መሬት ላይ እየተቀመጡ በጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ። መስኮቶቹ መዝጊያ ስለሌላቸው ጆንያ ተወትፎባቸዋል። ሰዓቱ የነበረበት ግድግዳ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ወንበሩ ተስቦ ከሥሩ ቆሟል፤ ከመቀመጫው ስንጥር ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር ተይዞ ቀርቷል፤ የቀሚስ ጥለት ክር ነው። ከበሩ ጀርባ ደግሞ ከግድግዳው የረገፈው ምርጊት ተጠርጎ፣ ተሰብስቦ፣ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ተቀምጧል።

ጣሰው ክሩን በደብተሩ ውስጥ ከተተ። ጉብታውን ማንም እንዳይነካው አዘዘና ቁጭ ብሎ ሲያየው ቆየ። ሌባ ሲሰብር አይቷል፤ ሲያቃጥልም አይቷል። ጠርጎ የሄደ ሌባ ግን ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነው።

«ሰዓቱ የመንግሥት ነው ወይስ የርስዎ?» ሲል ቃል መቀበል ጀመረ።

«የራሴ ነው! ከአሥመራ በራሴ ያስመጣሁት። ጻፈው! መንግሥት የለበትም። እንግዲህ ካሳውም ለእኔ ነው። የይሁኔን በሬ እወስዳለሁ።»

«ያለው አንድ በሬ አይደለም እንዴ? ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው።»

«አንድ ስላለው ነው አንድ ያልሁት። ሁለት ቢኖረው ሁለት እል ነበር። እስከ ሐሙስ ደግሞ ታስሮ የደብረ ታቦርን መንገድ መያዝ አለበት። ሐሙስ ከጎንደር ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሌባ እያለ እንዲያይ አልፈልግም። ጻፍህ?»

ጣሰው ጻፈ፤ አስፈረመ። የግራዝማች ፊርማ ከገጹ ሲሶውን ወሰደ።

*

ይሁኔ በጣቢያው እስር ቤት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዐሥራ አራት ዓመት የመዝገብ ቤቱን በር የጠበቁ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ይሁኔ፣ ሰኞ ዕለት የት ዋሉ?»

«ከደጁ። ንቅንቅ አላልሁም።»

«በኅዳር ጽዮን? አገሩ በሙሉ ማርያምን ሲያነግሥ?»

«ዘበኛ ዓመት በዓል የለውም። ግራዝማች ይህን ከነገሩኝ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው።»

ጣሰው ጠጋ ብሎ የሽማግሌውን ግንባር አየ። ከሽብሽቡ መካከል ነጣ ያለ ነገር ደርቆ ቀርቷል።

«ታዲያ ይህን እምነት መዝገብ ቤት ነው የተቀቡት?»

ይሁኔ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና እንደ ልጅ አፈሩ። «ሄጃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስሜ፣ እምነት ተቀብቼ፣ ቅዳሴ አስቀድሼ መጣሁ። በዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን።»

«እና ደጁን ማን ጠበቀልዎ? ማን ፈቀደልዎ?»

«ይኸን አልናገርም።»

«ደብረ ታቦር ይወስዱዎታል እኮ!»

«መሄድ ነዋ።»

«በሬዎን ይነዱታል።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «የሰው ነገር በልቶ የማያውቅ በሬ ነው» አሉ። «ሲነዱት እንዳይመቱት ንገርልኝ። በስሙ ከጠሩት ይመጣል።»

ጣሰው ከዚያ ሲወጣ የበሩን ጉበን በቡጢ መታው። ሻምበሉ በመስኮት ብቅ ብለው «ምን ሆነሃል? ይህ ጉዳይ አላለቀም እንዴ? ግራዝማች ትልቅ ሰው ናቸው» አሉት። «አቤት» አለ ጣሰው። ይህንንም ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው።

*

ከጸሐፊዎቹ መጀመሪያ የጠራው አንዳርጌን ነበር። አንዳርጌ የግራዝማች ጆሮ ነው ይባላል፤ ማን ሳቀ፣ ማን አንቀላፋ፣ ማን ውኃ ሽንት ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ሁሉን ያደርሳል። ስለ ውለታው ከድንጋይ ወደ ባዶ የሻማ ሣጥን ተሹሟል።

«ሰኞ የት ዋልህ?»

«እኔ?» አንዳርጌ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «አውድማ። ገብስ ስወቃ ዋልሁ። በሬዎቼ ምስክሬ ናቸው።»

ጣሰው እርሳሱን አስቀመጠ። «በኅዳር ጽዮን?»

«እ?»

«በጋይንት ምድር በጽዮን ዕለት በሬ አውድማ ያስገባ ሰው ተወልዶ አያውቅም። ብታስገባ ኖሮ መንደሩ ገብሱን ትቶ አንተን ይወቃህ ነበር። እስኪ እንደገና ዋሸኝ፤ አሁን ግን ቀኑን አይተህ።»

የአንዳርጌ ግንባር በዚያ ብርድ ላብ አወጣ። ወደ በሩ ዞሮ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለግራዝማች አይነገርም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ነበርን። ከቅዳሴ እስከ ከሰዓት፣ ስምንታችንም። አቤቱታ ስንጽፍ።»

«አንተም?» ጣሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጆሯቸውም?»

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ሦስት ጊዜ ያረፈደ ቅዳሜ ማሳቸውን ያጭዳል። እኔ ሰው ሳስቀጣ እኔም እቀጣለሁ፤ ይኸው ወገቤ! ፈርሜያለሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ የኔ ፊርማ ነው ያለው፤ ደፋር መስዬአቸው ነበር። ጽሑፉ ቀለመ ወርቅ ጋ ነው። ከፈለጉ አጎዛውን ይግለጡት።»

አጎዛው ሲገለጥ ሁለት ወረቀት ተገኘ። አንደኛው ለተቆጣጣሪው የተጻፈ አቤቱታ፤ ሰኞ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ተብሎ፣ ስምንት ፊርማ ሰፍሮበታል። በነፋስ ላይ መቆም፣ በድንጋይ ላይ መቀመጥ፣ ቅዳሜ የግራዝማችን ገብስ ማጨድ፣ ሁሉም አለበት። ጽዳት ሠራተኛዋ አልጣሽ አራስ ሆና ገና ልጇ ክርስትና ሳይነሣ መጥታ እንድትጠርግ መጠራቷ አለበት። ቀለመ ወርቅም አባቱ በሞተ ቀን ሰዓቱ ዐሥራ አንድ እስኪል ተቀመጥ ተብሎ ቀብሩ እንዳለፈው አለበት። ሁለተኛው ወረቀት ግን ቁጥር ብቻ ነው፦ ረቡዕ ሃያ ሁለት፣ ሐሙስ ሃያ አንድ፣ ዓርብ ሃያ ሁለት፣ እያለ ገጹን ሞልቶታል።

«ይህ ምንድን ነው? አስማት ነው?» አለ ጣሰው።

ቀለመ ወርቅ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከባሕረ ሐሳብ ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ሥራ የገባ ሰው ነው። «አስማት ባውቅ ኖሮ» አለ፣ «ግራዝማች እስከ ዛሬ በሁለት እግራቸው ይሄዱ ነበር? ይምጡ ሃምሳ አለቃ፣ ፀሐይ ሳለች ላሳይዎ።»

ወደ ግቢው ወጡ። ቀለመ ወርቅ ጫማውን አወለቀ፤ ለፀሐይዋ ጀርባውን ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። «የራሴ ጥላ ካለቀበት ላይ ድንጋይ ያስቀምጡልኝ።» ጣሰው አስቀመጠ። ቀለመ ወርቅ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያጋጠመ ጥላውን በእግሩ መስፈር ጀመረ። አፉ ይቆጥራል። ጸሐፊዎቹ ከበሩ ላይ ሆነው አብረው ቆጠሩ።

«... ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት! በዚህ ወር ዐሥራ አምስት ጫማ ማለት ዐሥር ሰዓት ነው። የቅዳሴ ሰዓት የምናውቀው እንዲህ ነው። የግራዝማች ሰዓት ግን ቢኖር ኖሮ አሁን ዘጠኝ ይል ነበር።»

«እንዴት?»

«ምሳ ስንወጣ በሩን ዘግተው ብቻቸውን ይቀራሉ። ስንመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዷል። ጧት ደግሞ ቀድመውን ገብተው ወደ ፊት ይገፉታል፤ ሁለት ሰዓት ሲል ጥላዬ ሃያ ሁለት ጫማ ነው፤ ለሁለት የሚገባው ዐሥራ ስድስት ሆኖ ሳለ። በጊዜ መጥተን ‹አረፈዳችሁ› እንባላለን፤ ወደ ማታ ፀሐይ ጠልቃ እንኳ ዐሥራ አንድ አይሞላም። አንድ ወር ሙሉ ሰፍሬ ጻፍሁት።»

«ይህን ያህል የዋሸባችሁን ሰዓት ብትወስዱት አልፈርድባችሁም» አለ ጣሰው ዓይኑን አጥብቦ።

«ምን ሲደረግ! ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጥቶ ከእጁ ሰዓት ጋር አስተያይቶ በዓይኑ እንዲያየው ነበር እንጂ። ምስክራችን እኮ እሱ ነው። ሰው የራሱን ምስክር ይሰርቃል?»

*

ጣሰው ያን ዕለት ማታ ራቱን ጥሩ አድርጎ በላ። ነገሩ እንደ ገበያ መንገድ ወለል ብሎለታል። ሰዓቱ እንዲጠፋ የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሰዓቱ ሲዋሽ እንዳይያዝበት የሚፈራው ባለቤቱ። ግራዝማች ራሳቸው ደብቀውት በዘበኛው ማሳበባቸው ነው! ጣሰው በዚህ የተደሰተው ለይሁኔ ብሎ ብቻ አልነበረም። የዛሬ ስድስት ዓመት የአባቱን ርስት ወረቀት ለማውጣት ሄዶ ግራዝማች ሦስት ቀን ደጅ አስጠንተውታል፤ በሦስተኛው ቀን «ነገ» ብለው ፊቱ ላይ ዘግተውታል። ያን በር ዛሬም ሲተኛ ያየዋል።

ረቡዕ ገና ፀሐይ ስትወጣ ወደ ጎብጎብ መንገድ ገባ። ግራዝማች እሑድ ወደዚያ ለማርያም ማኅበር እንደ ሄዱ ቃላቸው ላይ አለ። ውሸት መሆኑን ማስመስከር ብቻ ነው የቀረው።

የማኅበሩ ደጋሽ ታንጉት የምትባል ሳቂታ ባልቴት ነበረች።

«ግራዝማች? እሑድ ማታ ገብተው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኛ ያያቸው! የት ይሄዳሉ፣ ሰኞን ሙሉ ከድግሱ ፊት መች ተነሥተው?»

«ለአፍታ እንኳ አልወጡም?» የጣሰው ድምፅ ለመነ።

«ኧረ በማርያም! እንዲያውም የመሥሪያ ቤቴን ቁልፍ ቤት ረስቼ መጣሁ እያሉ ሲነጫነጩ ዋሉ። ቄሱ እንኳ ‹ቁልፍዎን ሳይሆን ጸሎትዎን ያስቡ› አሏቸው።» ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «ምነው፣ ሌባ እንዲሆኑልህ ፈልገህ ነበር?»

«እንደው ትንሽ» አለ ጣሰው።

የመልስ መንገዱ ከመሄጃው ይልቅ ረዘመበት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ቁልፉ ቤት ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ አልጣሽን ከመዝገብ ቤቱ ግቢ አገኛት። መጥረጊያዋን ይዛ፣ ልጇን አዝላ ቆማለች።

«እኔን ከጠረጠርኸኝ ቶሎ እሰረኝ» አለችው። «እስር ቤት ቢያንስ ነፋስ አይገባም።»

«ጠርጎ የሄደ ሰው አለ። በመሥሪያ ቤቱ የምትጠርጊ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«እንዴ! ለደመወዜ መጥረጌ ሳያንስ ለሰረቅሁበትም ልጥረግ?» ሳቀች። ከዚያ ጣሰው አስገብቶ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጉብታ ሲያሳያት ሳቋ ቆመ። ጎንበስ ብላ ዞረችው። «ይኸን ነው የምትለኝ? ይህ የኔ አይደለም። የድኃ ሴትም አይደለም።»

«አፈር ላይ ተጽፏል?»

«ተጽፎ ነዋ! እኔ ስጠርግ አፍሼ እደፋዋለሁ፤ ካልደፋሁት የሚደፋልኝ የለም። ይህቺ ጠርጋ፣ ሰብስባ፣ ትታው ሄደች። ከኋላዋ የሚያነሣላት ሰው ያላት ናት።»

ጣሰው ደብተሩን ከፈተ። ቀዩንና አረንጓዴውን ክር አሳያት።

«እኔ እንዲህ ያለ ጥለት ቢኖረኝ ኖሮ» አለች አልጣሽ፣ «ለጽዮን ለብሼው እውል ነበር። የማን እንደሆነ ግን አልነግርህም። ሰኞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

*

የግራዝማች ሚስት ወይዘሮ ላቀች ጣሰውን በእልፍኛቸው ተቀበሉት። ጠላ አስቀዱለት። ቀሚሱ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከታች በኩል ጥለቱ ትንሽ ተተልትሏል። ጣሰው ቀሚሱን አየ፤ እሳቸው ደግሞ ሲያይ አዩት።

«መጣህ?» አሉ። «እኔም ዛሬ ልመጣ ነበር። ይሁኔ መታሰሩን የሰማሁ አሁን ከቀትር በኋላ ነው። ባሌ ‹ሌባውን ይዤዋለሁ› ሲል ማንን እንደ ያዘ መቼ ነገረኝ!»

«እሜቴ፣ ሰዓቱን እርስዎ ወሰዱት?»

«ወሰድሁት። ቁልፉን ከትራሱ ሥር አገኘሁት። ይሁኔን ‹ሂድና ተሳልመህ ና፣ ደጁን እኔ እጠብቃለሁ› አልሁት። አላመነኝም፤ ሦስት ጊዜ መለስሁለት። ከሄደ በኋላ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድሁት። ምርጊቱ ሲረግፍ አፍሬ ጠረግሁት። ቀሚሴንም ያኔ ነው ያስያዝሁት።» ጠላቸውን ፉት አሉ። «የሰረቅሁት ግን የለም። የተሳልነውን ነው የሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለማርያም ነዋ! በክረምት አለበል ታሞ አልነበረም? ንስሐ አባቱ መምሬ ተክለ ማርያም ባሉበት፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ‹ካተረፍሽኝ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ላንቺ› ብሎ ተሳለ። ዳነ። ከዚያ ምን ሰጠ? ጧፍ! አንዲት ጧፍ ይዞ ሄደ። መምሬ ሁለት ጊዜ አስታወሱት፤ ‹ሥራ በዛብኝ› አለ። ስለት ተበልቶ ደግሞ ቤት በሰላም ይኖራል? እኔ ፈራሁ።»

«ሰዓቱን መሆኑን በምን አወቁ? ከሁሉ የሚወደው...»

ወይዘሮ ላቀች ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እኔን ቢሆን ኖሮ ራሴን ወስጄ እሰጣት ነበር። አይደለሁም። እኔን በሰዓት ነው የሚያስነሣኝ፣ በሰዓት ነው የሚያበላኝ። የሚወደው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ አገሩ ያውቃል፣ እመቤታችንማ እንዴት ታጣዋለች?»

«ይሁኔስ? የርስዎን ስም ቢጠሩ ኖሮ ማክሰኞ ዕለት ይፈቱ ነበር።»

የሴትዮዋ ሳቅ ጠፋ። «አልጠራኝም?»

«ሊገድሏቸው ቢሉ አይጠሩም።»

ላቀች ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ። «መምሬ ስለቱን እሑድ ለሕዝቡ እስኪናገሩ ዝም ልበል ብዬ ነበር። እሑድ ይርቃል። ነገ ጧት ከመምሬ ጋር እንመጣለን።»

*

ሐሙስ ጧት ተቆጣጣሪው ሳይደርስ ግራዝማች አለበል መዝገብ ቤታቸው ውስጥ ከአንዲቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣሰው ገባ፤ ከኋላው መምሬ ተክለ ማርያምና ወይዘሮ ላቀች ገቡ። ጸሐፊዎቹ መጻፍ አቁመው ጆሯቸውን አቀኑ።

«ሌባውን ላክኸው?»

«ሌባ የለም ጌታዬ። ሰዓትዎ ተገኝቷል። ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ይሠራል።»

«ማን ወሰደው?»

«እኔ» አሉ ላቀች።

ግራዝማች ብድግ አሉ። ድምፃቸው ለሁለት ሰው የሚበቃው ለአንድም አልበቃ አለ። «አንቺ! የመንግሥት ንብረት...»

ጣሰው ደብተሩን ገለጠና በቀስታ፣ እየጣመው፣ አነበበ። «‹የራሴ ነው። ከአሥመራ በራሴ ያስመጣሁት። መንግሥት የለበትም።› ፊርማዎ ይኸው፤ ሲሶ ገጽ። የባልና ሚስት ሀብት ነው እንግዲህ። ስለቱ ደግሞ የርስዎ። የርስዎን ስለት ከርስዎ ሀብት ሚስትዎ ከፈሉልዎ። እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ ውስጥ ስርቆቱ የቱ ጋ እንዳለ ያሳዩኝና ልጻፈው።»

ከአጎዛው ላይ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ።

«እመልሰዋለሁ! አሁኑኑ ሄጄ...»

መምሬ ተክለ ማርያም እጃቸውን አነሡ። «ልጄ አለበል፣ ያን ጊዜ እጄን ይዘህ ያለቀስኸውን ረሳኸው? እሑድ በዐውደ ምሕረት ስምህን እጠራለሁ። ‹ግራዝማች አለበል ውድ ሰዓታቸውን ለእመቤታችን ሰጡ› ልበልና እልል ይባልልህ፤ ወይስ ‹የሰጡትን ነጠቁ› ልበል? ምረጥ። ደግሞ ዕቃ ቤት ስንሰቅለው አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘነው። በጥላ ሰፍረን አቀናነው። እዚህ ሳለ ምን ሆኖ እንደ ነበር አልጠይቅህም። እዚያ ግን አይዋሽም።»

ግራዝማች ሚስታቸውን አዩ፤ ጸሐፊዎቹን አዩ። አንዳርጌ እንኳ ዓይኑን አልሰበረም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሰጥቻለሁ በሉ» አሉ። «ይሁኔንም ፍቱት።»

ያኔ ውጭ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

ተቆጣጣሪው ጉንጨ ስርጉድ፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው ነበር። ግራዝማች ወንበራቸውን ለቀቁለት። ተቀመጠና ዙሪያውን አየ። «እናንተስ?» አለ። «ወንበሮቻችሁ ሊጠገኑ ሄደው ነው?»

ቀለመ ወርቅ ሁለቱን ወረቀት አቀረበለት። ሰውዬው አቤቱታውን አነበበ፤ የቁጥሩን ወረቀት ግን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀለመ ወርቅን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ጥላውን አሰፈረው፤ የእጁን ሰዓት አየ፤ እንደገና አሰፈረው። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር። ግራዝማችን ወደ ጓሮ ጠርቶ ምን እንዳላቸው የሰማ የለም። ዓርብ ዕለት ግን መስኮቶቹ መዝጊያ ተሠራላቸው፤ ከገበያ ስምንት ወንበር መጣ፤ የቅዳሜው አጨዳና ነፋስ ላይ መቆሙ ቀረ። አልጣሽም ልጇ ክርስትና እስኪነሣ ቤትሽ ተኚ ተባለች። ሰነባብቶም ከጎንደር የምስጋና ቃል ለፖሊስ ጣቢያው ደረሰ። ስሙ የተጠራው የሻምበሉ ነበር። ጣሰው ይህንንም አስቀመጠው፤ ግን እያፏጨ ነው ያስቀመጠው።

የቀረው እርቁ ነው። መምሬ ያለ እርቅ አልፈታህም ስላሉ ግራዝማች ሽማግሌ ላኩ። ይሁኔ ከእስር በወጡ ማግስት ከበሬያቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ተቀበሏቸው።

«ምን ካሳ ይደረግልህ?» አሏቸው ሽማግሌዎቹ።

ይሁኔ የበሬውን አንገት እያከኩ አሰቡ። «ዐሥራ አራት መኸር የሳቸውን ሳጭድ የኔ ረግፏል» አሉ። «ቅዳሜ ይምጡና አንድ ቀን ያጭዱልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

*

ቅዳሜ ከይሁኔ ማሳ ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ስምንቱ ጸሐፊዎች ማጭድ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ላቀች ሁለት እንስራ ጠላ አስልከዋል፤ ጣሰው መለዮውን አውልቆ በጋቢ መጥቷል። ግራዝማች አለበል ካፖርታቸውን ከድንጋይ ካብ ላይ ጣል አድርገው ከመጨረሻው ትልም ገቡ። ማጭዱን የያዙት እንደ ብዕር ነው። ቀለመ ወርቅ ጉሮሮውን ጠረገና ተቀኘ፦

«ቢቆጡት አይሰማ፣ ቢጮኹ አይደነግጥ፣
ገብስ በማጭድ እንጂ በሹመት አይቆረጥ!»

ሰልፉ ተቀበለው። ማሳው በሳቅ ተናጋ። ግራዝማችም መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ አላባቸው፤ ቀጥሎ የሚቆጡበት ትንፋሽ አለቀባቸው። እኩለ ቀን ሲሆን ሌላው ትልሙን ጨርሶ ሲወጣ የሳቸው ገብስ ከማሳው መካከል እንደ ጭራ ብቻውን ቆሞ ቀረ። አጫጆቹ በካቡ ላይ ተቀምጠው ጠላቸውን እየጠጡ አዩአቸው። ወገባቸውን ይዘው ቀና ይላሉ፤ ጥቂት ይቆርጣሉ፤ እንደገና ቀና ይላሉ። አንዳርጌ ሳቅ አነቀው።

ይሁኔ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ማጭዳቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና በዚያኛው ጫፍ ዞረው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራዝማች እያጨዱ መምጣት ጀመሩ።

«ይተዉዋቸው እንጂ አያ ይሁኔ!» ብሎ ጮኸ ጣሰው። «እስኪመሽ ይቁሙበት! ዕዳቸው ነው!»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። «ገብሱ የኔ ነው» አሉ።

ጣሰው ተነጫነጨ፤ መሬቱን በእግሩ መታ። ከዚያ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሰረና፣ ቂሙን ሳይጥል ማጭዱን አንሥቶ፣ በሌላው ጎን ገባ።